ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ በተፈጥሮ መንገድ ለማርገዝ ቀኑን እንዴት እንያዝ? (ደሴ)

የሆጤዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነው የምኖረው፣ 28 ዓመቴ ነው። የሦስት ወር መርፌ እወስድ ነበር፤ የመጨረሻውን የተወጋሁት አምና ነሐሴ ላይ ነው። የወር አበባዬ ጥር ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዑደቶች 31፣ 27፣ 34፣ 29፣ 30 እና 28 ቀን ናቸው። ባለቤቴ ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ያሽከረክራል፤ ሲመላለስ ሁለት ሦስት ሌሊት ቤት ያድርና ይወጣል።

ወደ መድኃኒት ከመሄዳችን በፊት በተፈጥሮ መንገድ መሞከር እንፈልጋለን። የትኞቹን ቀናት ነው መጠበቅ ያለብን? ጎረቤቶች ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪ፣ ፌጦ በማር፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የወይባ ጢስ እያሉኝ ነው፤ የቱ ይረዳል? እሱስ መመርመር አለበት ወይ? «እኔ ጤነኛ ነኝ» ነው የሚለው።

አዋላጅ ነርስ

አብሽሪ እህቴ። ከመርፌው እንጀምር። ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ሲወጣ ሰውነት ወዲያው ይመለሳል፤ የሦስት ወር መርፌ ግን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። መርፌውን ያቆሙ ሴቶች በአማካይ የሚያረግዙት ከመጨረሻው መርፌ ከ9 እስከ 10 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምረሽ «ዓመት ሊሞላኝ ነው» ብለሽ አትጨነቂ። ቁጥሩን ከጥር ጀምሪው።

አሁን ወደ ቀኑ። አንደኛ ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ጠብ ጠብ ያለበት አይገባም። በኛ አካባቢ ብዙዎችን የሚያሳስተው ከጠሩበት ወይም ከታጠቡበት ቀን መቁጠር ነው። አምስት ስድስት ቀን ያዛንፋል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ አምስት ቀን ማለት ወሩን ማጣት ነው። የወራችን ቀን ሁሌም 30 መሆኑ መቁጠሩን ያቀልለዋል፦ ሐምሌ 12 መጥቶ ነሐሴ 10 ቢደገም 28 ቀን ነው። ጳጉሜን ግን እንዳትረሺ። ነሐሴ 25 መጥቶ መስከረም 20 ቢደገም 25 ሳይሆን 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 31። የስልክ አፕ የምትጠቀሚ ከሆነ ሁሉንም በፈረንጅ አስገቢ፤ ግማሹን በኛ ግማሹን በነሱ ያስገባች ሴት የሚወጣላት ቀን የማንም አይደለም።

እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀድሞ ነው። «በ14ኛው ቀን» የሚባለው ዑደቷ 28 ለሆነ ሴት ብቻ ይሠራል። ያንቺ የ27 ቀኑ ዑደት ላይ በ13ኛው ቀን አካባቢ ወጥቷል፣ የ34ቱ ላይ በ20ኛው። የወጣው እንቁላል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው የሚቆየው። የወንዱ ዘር ግን ተስማሚ ፈሳሽ ካገኘ እስከ 5 ቀን ይጠብቃል። ምቹዎቹ ቀናት ስድስት የሚባሉት ለዚህ ነው፦ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስቱ። ከነዚህም ዕድሉ ከፍ የሚለው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ነው።

በስሌት ልያዘው ካልሽ ከአጭሩ ዑደት 18፣ ከረጅሙ 11 ቀንሺ። 27 ሲቀነስ 18፣ 9 ነው፤ 34 ሲቀነስ 11፣ 23 ነው። ከ9ኛው እስከ 23ኛው ቀን ማለት ነው። ሰፊ ነው፣ ለሹፌር ሚስት ደግሞ የበለጠ ይሰፋል። ግን ስድስቱን ዑደቶችሽን አንድ በአንድ ብታዪ እንቁላሉ የወጣው ከ13ኛው እስከ 20ኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ14ኛው እስከ 17ኛው ባለው ውስጥ ይመስላል። ስለዚህ ባለቤትሽ ጉዞውን ማመቻቸት ከቻለ ከ11ኛው እስከ 17ኛው ቀን ያለውን ይያዝላችሁ፤ በየሁለት ቀኑ መገናኘት በቂ ነው። ቀድሞ መምጣቱ ነው የሚጠቅመው። እንቁላሉ ከመውጣቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ቤት አድሮ ወደ ሚሌ ቢወርድ ዕድል አላችሁ፤ በወጣ በሁለተኛው ቀን ቢደርስ አልፏል።

ስሌቱን የሚያጠብልሽ ፈሳሽሽ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ሽንት ከመሽናትሽ በፊት በንጹሕ ሶፍት ጠርገሽ እዪው። የወር አበባ እንዳለቀ ደረቅ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚጣበቅ ወይም እንደ ክሬም ነጭ፣ ከዚያ እየቀጠነ ይሄድና ጥሬ እንቁላል ነጩን ይመስላል፤ የጠራና የሚያንሸራትት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ስትስቢው ሳይበጠስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከሄደ ቀኑ ደርሷል። እንቁላሉ የሚወጣው ይህ የሚሳበው ፈሳሽ በሚያበቃበት ቀን አካባቢ ነው። የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ፦ ከግንኙነት ማግስት የቀረ የወንድ ፈሳሽ ይመስላል፤ የሚያሳክክ፣ እንደ አይብ የሚፈረፈር ወይም የሚሸት ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ነውና ጤና ጣቢያ ሂጂ። በሳሙናም በሎሚም ውስጥን መታጠብ ክልክል ነው፤ የሚከላከለውን ባክቴሪያ ጠርጎ ለባሰ ይዳርጋል። ለማለስለስ ምራቅም አትጠቀሙ፣ የዘሩን እንቅስቃሴ ያዳክማል።

የሙቀት ልኬት የሚባለውም አለ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ በሚያሳይ ቴርሞሜትር (ለምሳሌ 36.42)፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ፣ ውሃ ሳትጠጪ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ይልና ይቆያል። ሦስት ቀን ከፍ እንዳለ ካደረ እንቁላሉ ወጥቷል፤ ሊወጣ መሆኑን ግን አይነግርሽም፣ ያለፈውን ነው የሚያረጋግጠው። ረመዳን ላይ ለሱሑር ስትነቂ፣ ከመብላትሽ በፊት ለኪ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ለሚሠሩት እህቶች ይህን ዘዴ አልመክርም፤ እንቅልፉ ስለሚዘበራረቅ ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

ፋርማሲስት ከቧንቧ ውሃ

ከቅጠላ ቅጠሉ በፊት ዛሬ መጀመር ያለብሽ አንድ ነገር አለ፦ ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። የፅንሱ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ አብዛኛዋ ሴት ገና «የወር አበባዬ ዘገየ» እያለች ነው። ስትገዢ የፍሬውን መጠን አንብቢ፤ 5 ሚሊ ግራም የሚለው ከ12 እጥፍ በላይ ነው፣ የሚታዘዘውም የህብለ ሰረሰር ችግር ያለበት ልጅ ከዚህ ቀደም ለወለደች፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ነው፤ እሱም በሐኪም።

ደም ማነስ ካለ ተመርመሪ። እዚህ ላይ ደሴ የራሷ ጉዳይ አላት፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች የሄሞግሎቢን ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል። ከአንድ በላይ ተቀንሶ ነው የሚነበበው። ወረቀቱ ላይ 12 አይቶ «ደህና ነሽ» ያለሽ ሰው ከፍታውን አስቦ እንደሆነ ጠይቂው። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ስትበዪ ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨምሪበት፣ ብረቱ ይሳባል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል፤ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂያቸው። ቡናው ላይ አቦልና ቶና ይብቃሽ፣ በረካውን ለጎረቤት ተዪው።

ጨው። የወሎ ደጋ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት የበዛው ለዚህ ነው። የእንቅርት ዕጢ ሲደክም እንቁላል መውጣት ይዛባል። ከአፋር የመጣ ሁሉ አዮዲን አለው ማለት አይደለምና ማሸጊያው ላይ መጻፉን አይተሽ ግዢ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀሽ አስቀምጪ፤ ወጥ ውስጥም ሊወርድ ሲል ጨምሪው እንጂ ከሽንኩርቱ ጋር አታቁላዪው።

ወደ ጎረቤቶችሽ ልምጣ። ጤና አዳም ማህፀን ያኮማትራል። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅንጣት ሌላ፣ አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ እርግዝና በምትጠብቂበት ጊዜ ሁለተኛውን እርሺው። ፌጦም በብዛት ከሆነ እንደዚያው ነው፤ ድሮም ፅንስ ለማስወረድ ይጠቀሙበት የነበረ ነገር ነው። ለእርግዝና ብሎ መጠጣት ነገሩን መገልበጥ ነው። ኮሶና እንዶድ መርዝ ናቸው፣ ወሬም አያስፈልጋቸው። አብሽ በምግብ መልክ ጥሩ ነው፤ ስኳር ያወርዳል፣ የስኳር መድኃኒት ለምትወስድ ግን ከልክ በላይ ሊያወርድባት ይችላል። እንቁላል አያስወጣም። ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በድልህ ይሁን፤ ዘይቱን በማንኪያ መጨለጥ አስፈላጊ አይደለም።

ማንም የማያነሳውን ላንሳ። ለወገብና ለራስ ምታት በየሱቁ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በዑደቱ መሐል ከተወሰዱ እንቁላሉ ከከረጢቱ እንዳይፈነዳ ሊያግዱት ይችላሉ። በነዚያ ቀናት ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይሻላል። እንቁላል እንዲወጣ የሚያነሳሳውን ክሎሚድን ደግሞ ሐኪም ሳያዝ፣ አልትራሳውንድ ሳይታይ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ነውር ነው። የሚሸጠውም ነውረኛ ነው።

የቃሉ ልጅ

ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ወይባን ግን በዝምታ አለፋችሁት። እናቶቻችን ለሙሽራም ለአራስም የሚያሞቁት በከንቱ ነው?

አዋላጅ ነርስ

በከንቱ አይደለም፤ ለቆዳ፣ ለመዓዛ፣ ለወገብ ዘና ማለት ነው። ቱቦ ይከፍታል፣ ማህፀን ያጸዳል የሚባለው ግን አይሆንም፤ ጢሱ እዚያ አይደርስም። የሚሞቅ ሰው ከፈለገች ከወር አበባ መጨረሻ እስከ ሚሳበው ፈሳሽ ባለው ጊዜ ትሙቅ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ይቅር፤ ፅንስ ከተያዘ የእናቲቱ የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ ለህብለ ሰረሰሩ አደጋ ነው። ጉድጓዱ ላይ ከመቀመጥ የሚመጣው ቃጠሎም በየጊዜው የሚታይ ነው።

ላብራቶሪ ኮምቦልቻ

ለባለቤትዎ ያድርሱልኝ፦ ጤነኛ መሆንና ዘር መኖር የተለያየ ነው። ከመካን ጥንዶች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ምርመራውም ከሴቷ ሁሉ ይቀልላል፣ በርካሽም ያልቃል።

አሠራሩ ላይ ብዙ ስህተት ስለሚፈጸም ልዘርዝር። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ግንኙነት የለም። ከሁለት ቢያንስ ብዛቱ ይወርዳል፤ ከሰባት ቢበልጥ ደግሞ የሞተው ይበዛል። ናሙናው ላብራቶሪው በሚሰጠው ሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ነው የሚወሰደው። ኮንዶም ውስጥ የመጣ አንቀበልም፣ ቅባቱ ይገድለዋል። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ይነገረን፤ አብዛኛው ዘር ያለው እሱ ውስጥ ነው። እዚያው ላብራቶሪ መስጠቱ ይመረጣል። ከቤት ከሆነ በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለበት። ደሴ ላይ የሚያበላሸው ብርዱ ነው፦ በሐምሌ ጠዋት ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ የመጣ ሰው ዘሩ ከመንቀሳቀስ ያቆማል። ከልብስ ሥር፣ ሰውነት ጋር አስጠግቶ ይዞ ይምጣ። ደሴ ላይ ተወስዶ በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ድረስ ማምጣት አይመከርም።

ውጤቱ ሲወጣ አራት ቁጥር እዩ፦ መጠን ከ1.4 ሚሊ ሊትር፣ ብዛት በሚሊ ሊትር ከ16 ሚሊዮን፣ ወደ ፊት የሚንቀሳቀስ ከ30 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለ ከ4 በመቶ በታች እንዳይሆን። አንድ ውጤት ዝቅ ቢል አይፈረድበትም፣ ይደገማል። ዘር ተሠርቶ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬው ናሙና የዛሬን ሳይሆን ያለፉትን ወራት ነው የሚያሳየው። በዚያ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞት ከነበረ ቁጥሩ ይወርዳል፤ አፋር ለሚመላለስ ሰው ይህ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

የሹፌር ሥራ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ። የዘር ፍሬ ከሰውነት ሙቀት ሁለት ዲግሪ ያህል ቀዝቀዝ ማለት ይፈልጋል፤ ሎግያና ጋላፊ ሙቀት ውስጥ በጠባብ ጂንስ ሰዓታት መቀመጥ ተቃራኒው ነው። ሽርጥ ያሸርጥ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ይንቀሳቀስ። ጫት አብዝተው በሚቅሙት ላይ ብዛቱም እንቅስቃሴውም ቀንሶ ታይቷል፤ ሲጋራውም ያው ነው። ዛሬ ቢተው ለውጡን ወረቀት ላይ የሚያየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የሆጤዋ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ፦ እንቁላል ሊወጣ ሲል በሽንት የሚያሳየው ስትሪፕ ይጠቅመኛል? ሐኪም ጋ የምሄደውስ መቼ ነው?

አዋላጅ ነርስ

ስትሪፑ ላንቺ ከሙቀቱ ይሻላል፤ ቀድሞ ስለሚናገር ለባለቤትሽ መደወያ ጊዜ ይሰጥሻል። አጭሩ ዑደትሽ 27 ስለሆነ ከ10ኛው ቀን ጀምሪ፣ ከሰዓት በኋላ መርምሪ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውሃ አታብዢ። የእርግዝና ምርመራ ላይ ደብዛዛ መስመርም «አለ» ነው፤ እዚህ ግን የመመርመሪያው መስመር ከማነጻጸሪያው እኩል ወይም የበለጠ መድመቅ አለበት። ከደመቀ በኋላ እንቁላሉ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ብዙ ቀን ደምቆ ከቆየ እንቁላል የሚያመርተው ዕጢ ላይ ትንንሽ ከረጢቶች የሚበዙበት ችግር ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይታይ።

ሐኪም ጋ፦ ከ35 ዓመት በታች ስለሆንሽ አንድ ዓመት ከሞከራችሁ በኋላ፣ ጥር ላይ ማለት ነው። 35 የሞላት ከሆነች በስድስት ወር። ቀድመሽ የምትሄጂው ዑደቱ ከ21 ቀን ካነሰ ወይም ከ35 ካለፈ፣ ከዚህ ቀደም የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከነበረ፣ የወር አበባው ሕመም ከአልጋ የሚያስቀር ከሆነ፣ ወይም ሳታጠቢ ከጡትሽ ወተት የሚወጣ ከሆነ ነው። ደሴ ሆስፒታል የማህፀን ክፍል ሲያዩሽ እንቁላል መውጣቱን የሚያሳየው የፕሮጄስቴሮን ደም ምርመራ «21ኛው ቀን» ከተባልሽ ዑደትሽን ንገሪያቸው፤ ከሚጠበቀው የወር አበባ ሰባት ቀን ቀድሞ ነው የሚወሰደው፣ በ30 ቀን ዑደት 23ኛው ላይ። የማህፀን ቱቦ ራጅ ደግሞ ደሙ ካቆመ በኋላ እንቁላል ሳይወጣ፣ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን። የባልሽን ውጤት ሳትይዢ ራጁ ውስጥ አትግቢ።