ለትንሽ የኮራል ገንዳ የሚሆን መብራት መምረጥ ቸግሮኛል

60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 40 ከፍታ ያለው የባሕር ውሃ ገንዳ አለኝ፤ በውስጡም ዞአንተስ የሚባሉ፣ ትናንሽ አበባ የሚመስሉ ሁለት ኮራሎችና አንድ እንጉዳይ መሰል ኮራል ይገኛሉ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ለጨው አልባ ውሃ ተክሎች የተሠራ፣ ባለ 30 ዋትና 6500 ኬልቪን ነጭ የኤልኢዲ መብራት ነበር። ኮራሎቹ ወደ ቡናማነት ሲለወጡ ብርሃን አንሷቸው ይሆናል ብዬ በቀን ከ8 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ባራዝመውም፣ ያተረፍኩት መስተዋቱን የሸፈነ አረንጓዴ አልጌ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሰማያዊና ነጭ ብርሃን የሚያቀላቅል፣ ያገለገለ ባለ 90 ዋት መብራት ገዝቼ ከውሃው ገጽ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። በሳምንት ውስጥ መሃል ላይ ያለው ዞአንተስ ነጣ፤ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ግንዱ ቀጥኖና ረዝሞ ወደ ብርሃኑ ያሰግጋል፤ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል። አሁን ኃይሉን ወደ 40 በመቶ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ጨዋማነቱ 35 በሺህ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ናይትሬቱም በሊትር 10 ሚሊግራም ስለሆነ ችግሩ ከውሃው የመጣ አይመስለኝም።

የብርሃን መለኪያ ለመግዛት አቅሜ በማይፈቅድበት ሁኔታ፣ ይህንኑ አንድ ጠንካራ መብራት ይበልጥ ከፍ አድርጌ ልስቀለው ወይስ ሸጬው በገንዳው ርዝመት ልክ ብርሃን የሚያዳርሱ፣ ሰማያዊ የሚያመዝንባቸው ሁለት ቀጫጭን መብራቶች ልግዛ?