አባቴ የሰጠኝ ውክልና እያለ ቤቱን ለመሸጥ ለምን ተከለከልኩ? ቀጠሮዬ ነገ ጠዋት ነው

ጠያቂ (የካ)፦
ውድ ወገኖች፣ ዛሬ ማታውኑ መልስ ሊሰጠኝ የሚችል ሰው ካለ እባካችሁ ይርዳኝ። አባቴ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ» የሚል ቃል በግልጽ የሰፈረበት ውክልና በሕጋዊ መንገድ ሰጥቶኛል፤ ውክልናውም እስከ ዛሬ አልተሻረም። በዚሁ መሠረት በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈውን መኖሪያ ቤት ለመሸጥ ተስማምቼ ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ደላላውም ውሉን ጽፎ ሁለታችንንም አስፈርሞናል። ዛሬ ውሉን ለማጸደቅ ስንሄድ ግን ሠራተኛዋ ሰነዶቹን አገላብጣ ካየች በኋላ «ይህ ውክልና አይሠራም» ብላ መለሰችን። ገዥው ነገ ካልተፈራረምን ቀብዱን እጥፍ አድርጌ እንድመልስለት እየጠየቀኝ ነው። ካርታው በእጄ ነው፤ የዘመኑ ግብርም ተከፍሏል። መሥሪያ ቤቱን መክሰስ እችላለሁ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባሃል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነዋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ ካርታ የይዞታ ማረጋገጫ እንጂ የመሬት ባለቤትነት ሰነድ አይደለም፤ የምትሸጠውም በቦታው ላይ ያረፈውን ቤት ነው። ካርታውን ገልጠህ በጥሞና ተመልከተው። የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ አገልግሎቱ፣ አዋሳኞቹ፣ ይዞታውም ነባር ይሁን ሊዝ ተጽፎበታል። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ ሊኖርበት ስለሚችል ገዥው ይህንንም የማወቅ መብት አለው።

ከመገናኛ፦
ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ወንድማችን የጠየቀው ግን ስለ ነገ ጠዋት ነው። ወንድሜ፣ ውክልናው የቆየ ሆኖ ይሆናል። አባትህን ይዘህ ሂድና አዲስ ውክልና ይስጡህ፤ በአንድ ቀን ያልቃል።

ጠያቂ (የካ)፦
አባቴ ባለፈው ጥቅምት አርፏል።

ከመገናኛ፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህንን ከመጀመሪያው ብትጽፈው ኖሮ እንዲህ አልመልስልህም ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ነፍስ ይማር። እንግዲህ የሠራተኛዋ ውሳኔ ትክክል ነው፤ የሚከሰስም መሥሪያ ቤት የለም። ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ አለመሻሩም ሕይወት አይሰጠውም። ውክልና የወካዩን ሥልጣን በወካዩ ስም መሥራት እንጂ ንብረቱን ለተወካዩ ማስተላለፍ አይደለም፤ እርስዎም ዛሬ በዚያ ወረቀት የማንንም ስም ይዘው መፈረም አይችሉም። ለመቀጠል ሁለት ነገሮችን ማወቅ አለብኝ፤ እናትዎ በሕይወት አሉ? ከእርስዎ ሌላ የአባትዎ ልጅ አለ?

ነጋዴው፦
እኔ የምመክርህ፣ አባትህ ራሳቸው ቀርበው እንዲፈርሙ አድርግ። ውክልና ሁልጊዜ ጣጣ አለው።

ከመገናኛ፦
ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ፤ አባቱ አርፈዋል።

ሌላ አባል፦
የሞት ማስረጃ እስካላወጣህ ድረስ በመዝገብ በሕይወት ያሉ ናቸውና ሌላ ቅርንጫፍ ሞክር።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ይህንን ምክር በፍጹም አይከተሉ። ሞቱን ደብቆ መፈራረም በማታለል ያስጠይቃል፤ ውሉም ፈርሶ ገዥው ገንዘቡን ከእርስዎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ምክር ሰውን ከቤቱም ከነፃነቱም ያሳጣል።

ጠያቂ (የካ)፦
እናቴ አለች፤ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ሽያጩንም ታውቃለች። አንዲት እህት አለችኝ፤ ቨርጂኒያ ናት። ካርታው ግን በአባቴ ስም ብቻ ነው፤ እናቴ ስሟ የለበትም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 63 የባልና የሚስት ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። አባትዎ ቤቱን ከጋብቻ በፊት ካላፈሩት፣ በውርስ ወይም በስጦታም ካላገኙት፣ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ይህ ድርሻ ውርስ ውስጥ አይገባም። ኑዛዜ ከሌለ የቀረው ግማሽ ለልጆች በእኩል ይከፈላል። እናትዎ ግማሽ፣ እርስዎና እህትዎ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ሩብ አላችሁ ማለት ነው። የእናትዎ በቃል መስማማት አይበቃም፤ ቀርበው መፈረም አለባቸው።

ጡረተኛው፦
ታዲያ እኮ እኔም ይህንኑ ነበር የምለው፤ ልጁ ገና በእጁ ያልገባ ቤት ላይ ቀብድ መቀበል አልነበረበትም። ሰው ካርታ በእጁ ሲይዝ ባለቤት የሆነ ይመስለዋል። ካርታ የሚናገረው በላዩ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው።

ደላላ ነበርኩ፦
የቀብዱን ነገር አትርሱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሳይፈጽም ከቀረ እጥፍ ይመልሳል፤ ገዥው ያለ ምክንያት አልተናገረም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ደንቡ ልክ ነው፤ እዚህ ጉዳይ ላይ መሥራቱ ግን ያከራክራል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ያልተሟላ ውል ደግሞ በአንቀጽ 1720 ረቂቅ ብቻ ነው። ደላላ ቤት የተፈረመው ወረቀት በዚህ ዓይን ሲታይ «ዋናው ውል ከሌለ ቀብዱም እንደተሰጠው ይመለሳል» የሚል መከራከሪያ ይኖርዎታል፤ ገዥው ደግሞ ተቃራኒውን ይከራከራል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለቀጠሮው ይሂዱ፣ ግን ለመፈራረም አይደለም። እውነቱን ነግረው የተቀበሉትን ቀብድ ይመልሱለት፤ ወይም ወረቀቱ እስኪያልቅ ለመጠበቅ ከተስማማ ያንን በጽሑፍ ይያዙ። የመለሱትንም ያለ ደረሰኝ አይስጡ።

ጠያቂ (የካ)፦
አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚያ በኋላስ ከየት ልጀምር?

የሕግ ባለሙያዋ፦
በቅድሚያ የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀት ከወረዳው ሲቪል ምዝገባ ያውጡ። እርሱን፣ የእናትዎን የጋብቻ ማስረጃና የእናንተን የልደት ማስረጃ ይዘው ለወራሽነት ማረጋገጫ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንን የሚያዩት የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ፍርድ ቤቱ ምስክር ሊሰማና ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ሊያዝ ስለሚችል ለገዥው ቅርብ ቀን አይቁረጡለት። ማረጋገጫው ከወጣ በኋላ ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አስጣርተው፣ ካርታው በእናትዎና በወራሾች ስም እንዲዞር በክፍለ ከተማው ይጠይቃሉ። ሽያጩ ከዚያ በኋላ የሁላችሁም ፊርማ ያረፈበት ውል ይሆናል።

ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ ለእህትህ አንድ ነገር ንገራት። እኔ የወላጆቼን ቤት ጉዳይ ከዚህ ሆኜ ስፈጽም ሰዎች በአሜሪካ ኖታሪ የተፈረመ ወረቀት ብቻ ልከው ሲመለስባቸው አይቻለሁ። ውክልናውን ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ታረጋግጠው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ ማለፍ አለበት። ውክልናው «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ከሆነ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ የሚለው በግልጽ ይጻፍ፣ የአባታችሁ ስምና የካርታው ቁጥርም ይጠቀስ። ስሟ በፓስፖርቷና በልደት ማስረጃዋ ላይ በፊደል ይለያይ እንደሆነም ከወዲሁ ትይ፤ ባለትዳር ከሆነች በተለይ።

ከመገናኛ፦
ወንድሜ፣ ገዥው ቀብዱን ተቀበለ?

ነጋዴው፦
እኛም እየጠበቅን ነው። እናትዮውን ሰላም በልልን።