አዲስ ከገዛናቸው ሁለት ጌኮዎች አንዱ አልበላ ብሎኛል፤ ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ዓመት ልጄ ውሻ ካልገዛሽልኝ ብሎ ሲነዘንዘኝ ከረመ። አፓርትማችን ውሻ ስለማይፈቅድ ለልደቱ ሁለት ሌፐርድ ጌኮ ገዛንለት። እኔ ግድግዳ ላይ እንሽላሊት ሳይ የምሸሽ ሰው ነኝ፤ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ሁለት አሉ!

የመጡት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ትልቁ ክሪኬቱን (ፌንጣ የሚመስለውን ነፍሳት) እያሳደደ ይበላል። ትንሹ ግን እስካሁን ምንም አልቀመሰም። ቀኑን ሙሉ ሙቀት በሌለው ጥግ ተወሽቆ ይውላል። ልጄ ሊያነሳው ሲል ጅራቱን ቀስ አድርጎ ያወዛውዛል። ሻጩ «አብረው መኖር ይችላሉ» ብሎ አንድ ባለ 20 ጋሎን የመስታወት ታንክ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይና ቀይ አሸዋ ሸጠልን።

የ3 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ፤ ካልነካሁ ትላለች። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛው ጋ ናት፤ «ይሄን አውሬ ከቤት አውጪ» እያለች ነው። ትንሹ ታሟል ወይስ እስኪለምድ ነው?

ዴንቨር ነኝ፦
እህቴ፣ አትደንግጪ። አዲስ ቤት የገባ ጌኮ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለመብላቱ የተለመደ ነው። ደግሞም ቀን የሚተኛ እንስሳ ነው፤ የሚነቃው አመሻሹ ላይ ነው። ምግብ ቀን ላይ እየሰጣችሁት ከሆነ ወደ ማታ አዙሩት።

ጅራቱን እያየሽ እደሪ። ስቡን የሚያጠራቅመው እዚያ ስለሆነ፣ ጅራቱ ወፍራም እስከሆነ ድረስ ጊዜ አለሽ። ሲያወዛውዘው ግን «አትንካኝ» ማለቱ ነው። በጣም ከፈራ ጅራቱን ጥሎ ያመልጣል። መልሶ ያበቅላል፤ ግን እንደ በፊቱ አያምርም። ለልጅሽ ሁለት ሳምንት ማየት እንጂ መንካት የለም በይው። ውሃ መቀየርና ማጽዳት ብቻ።

ኤሌክትሪሽያኑ፦
የሙቀቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ያንን ድንጋይ ዛሬውኑ ከሶኬት ንቀይው። አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ይግልና ሆዳቸውን ያቃጥላል፤ የታንኩን አየር ግን በደንብ አያሞቅም። ለምን አሁንም እንደሚሸጥ አይገባኝም።

የሚያስፈልግሽ ከታንኩ በታች በውጭ በኩል የሚለጠፍ ማሞቂያ ነው፤ ከወለሉ ሲሶውን ያህል ብቻ ይሸፍን። ያለ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) እንዳትሰኪው፤ ራሱን ስለማያጠፋ መጋሉን ይቀጥላል። የቴርሞስታቱን ሽቦ ጫፍ ጌኮው ሆዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ አድርጊው። እዚያ ከ88 እስከ 92 ፋራናይት ማሳየት አለበት፤ ከ31 እስከ 33 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ሌላኛው ጫፍ ከ75 እስከ 80 ፋራናይት ይበቃዋል። ሲሞቀው ወደዚያ፣ ሲበርደው ወደዚህ እያለ ራሱ ይመርጣል። እንሽላሊት የገዛ ሙቀት ስለሌለው፣ ካልሞቀው የበላውም አይፈጭለትም፤ መብላቱንም ይተወዋል። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ክብ ቴርሞሜትር አትመኚ፤ የሚለካው የመስታወቱን እንጂ የወለሉን ሙቀት አይደለም።

አሸዋውንም አውጪው። ከምግቡ ጋር ይውጠውና አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ለጊዜው የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፊ፤ ኩሱንም በቀላሉ ታይበታለሽ። በኋላ የወለል ሴራሚክ ብታደርጊ ያምራል።

የጌኮ እናት፣ ስቶክሆልም፦
ማሞቂያው እንዳለ ሆኖ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሁለቱ አብረው መሆናቸው ነው። ጽሑፍሽን መልሰሽ እዪው፦ ትልቁ ይበላል፣ ትንሹ ሙቀት የሌለበት ጥግ ተወሽቋል። ሙቁን ቦታ ትልቁ ይዞበታል ማለት ነው። ሳይነካከሱም እንዲህ ይጨቋቆናሉ። እነዚህ ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ህንድ ድንጋያማ ደረቅ ምድር የመጡ ናቸው፤ ጓደኛ የለኝም ብለው አይከፉም። ዛሬ ማታ ለያዪአቸው። ሌላ ታንክ እስክትገዢ ጎኑና ክዳኑ የተበሳ ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን ለሁለቱም ያስፈልጋል።

ጾታቸውንም እዩ። መስታወቱ ላይ ሲቆም ከሥር፣ በኋላ እግሮቹ መካከል ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ የሾለ የነጠብጣብ መስመር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሁለት እብጠት ካለ ወንድ ነው። ትንሽ ከሆነ ገና ላይለይ ይችላል። ሁለት ወንድ በአንድ ታንክ ፈጽሞ አይሆንም።

ዳላስ፦
ይሄ ትንሽ አልተጋነነም? እኔ ሁለት ሴቶች አብረው ለዓመታት አኑሬአለሁ፤ ምንም አልሆኑም።

የጌኮ እናት፣ ስቶክሆልም፦
ወንድሜ፣ ሴቶች የሚስማሙበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ያንተ ታንክ ሰፊ፣ መጠናቸውም እኩል ይሆናል። የእሷ ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ትንሹም የማይበላ ነው። ባለ 20 ጋሎን ደግሞ የአንድ ጌኮ ቤት ነው።

ነርሷ፦
ስለ እናትሽና ስለ ትንሿ ልጅሽ ማንም አላነሳም። እንሽላሊት ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ በኩሱ ይወጣና ቆዳው ላይ፣ ታንኩ ላይ ይቀራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ከ65 በላይ ለሆኑና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች እንሽላሊት አይመከርም ይላል። ስለዚህ እናትሽ እንዲያው በከንቱ አልተቆጡም፤ እሳቸውንም አክብሪ።

ጌኮዎቹን ለሱቁ ልትመልሻቸው ካልቻልሽ ታንኩን ከሳሎን ወደ ልጅሽ ክፍል አስገቢው፤ በሩም ይዘጋ። ትንሿ አትንካቸው። ትልቁ ልጅሽ ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውሃ ሳህናቸውን ደግሞ ወጥ ቤት፣ እንጀራ የምታቀርቢበት ጋ አትጠቢ።

ዴንቨር ነኝ፦
ስለ ምግብ ልጨምር። ክሪኬቱ በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ካልሲየም ዱቄት እየነሰነሳችሁ ስጡት፤ ካልሆነ አጥንቱ ይለሰልሳል። ያልተበላ ክሪኬት ታንኩ ውስጥ አይደር፤ ሌሊት ጌኮውን ራሱን ይነክሰዋል። ከሜዳ የተያዘ ነፍሳት አትስጡ፣ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል። በተለይ በሰኔና በሐምሌ ማታ ብልጭ ብልጭ የሚሉት ነፍሳት (ፋየርፍላይ) ለእንሽላሊት መርዝ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ይገድለዋል። ልጅሽ ጠርሙስ ይዞ እንዳይወጣ!

አንድ እርጥብ መደበቂያም ይኑር፤ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ በርና እርጥብ ወረቀት ከተደረገለት ይበቃል። ቆዳውን ሲገፍፍ እዚያ ይገባል። ጣቱ ላይ የቀረ ቆዳ ደም ይዘጋና ጣቱን ያስቆርጠዋል።

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለያየናቸው፤ ድንጋዩና አሸዋው ወጡ። ሙቀቱን በሽቦው ስንለካ «ሙቁ» ጥግ የተባለው 77 ነበር! ማሞቂያውን በቴርሞስታት ካደረግነው ወዲህ 90 ላይ ቆሟል። ትንሹ ትናንት ማታ ሁለት ሚልወርም (ለምግብ የሚሸጥ ትል) በላ፤ ልጄ ጮኾ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። እናቴም ታንኩ ክፍል ገብቶ በሩ ሲዘጋ ትንሽ ተረጋግታለች። ግን መልሶ ቢተወው ስንት ቀን ልጠብቅ? ሐኪምስ የትኛው ነው የሚያየው?

የጌኮ እናት፣ ስቶክሆልም፦
ሙቀቱ ተስተካክሎም ሁለት ሳምንት ካልበላ፣ ወይም ከዚያ በፊት ጅራቱ መቅጠን ከጀመረ ወይ ኩሱ ከቀጠነ ውሰጂው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ በየሳምንቱ መዝኚው፤ ዓይን ያታልላል። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እንሽላሊት አያይም፤ ስትደውዪ «ተሳቢ እንስሳት ታያላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ትኩስ ኩስ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ፣ ጥገኛ ትል እንዳለበት ይመረምሩታል። ትልቁንም አስመርምሪ፣ ከአንድ ሱቅ ነው የመጡት።

ነርሷ፦
ኩሱን ግን ምግብ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስቀምጪው፤ ጠዋት ሰብስበሽ ያኔውኑ ውሰጂው።