ለፓራሞተር የሚሆን ጫማ ምርጫ ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በዱባይ ሲሆን፣ ከፓራግላይዲንግ (ያለ ሞተር በጨርቅ ክንፍ ከመብረር) ወደ ፓራሞተር (በዚያው ክንፍ ላይ በጀርባ የሚታዘል ሞተር ጨምሮ ወደ መብረር) እየተሻገርኩ ስለሆነ ልምድ ያላችሁን ምክር እጠይቃለሁ። 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ተሸክሞ በአሸዋ ላይ መሮጥ፣ በተለይም ነፋስ በሌለበት ማለዳ በፍጥነት ማረፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ክፉኛ ይፈትናል። አሁን ያለኝ የተራራ ጉዞ ጫማ አንገቱ ረጅምና ጠንካራ ቢሆንም፣ የላይኛው ማሰሪያው ክፍት መንጠቆ በመሆኑ፣ ክንፉን መሬት ላይ ሳዘጋጅ ቀጫጭን ገመዶቹ ይጠለፉበታል፤ በፕላስተር ብሸፍነውም ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል። እንደ ሃንዋግና ክሪስፒ ያሉ አምራቾች ለበራሪዎች ብለው የሚሠሯቸውን ጫማዎች ተመልክቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ሶሉ በጣም ድርቅ ካለ ለመነሻው ሩጫ አያስቸግርም ወይ? ውኃ የማያስገባው ገበርስ (ለእኔ ትርፍ ወጪ ይመስለኛል) በበረሃ ሙቀት እግርን አያፍንም? ሳልለካው የማዝዘው ስለሆነ፣ ለወፍራም ካልሲ ብዬ አንድ ቁጥር ልጨምር ወይስ ተረከዜ እንዳይንሸራተት በልኬ ልግዛ?