የሳተላይቱ ምልክት ታይቶ ይጠፋብኛል
ጤና ይስጥልኝ። የጂፒኤስ መቀበያ በኮምፒውተር ፕሮግራም ልሠራ ተነሥቼ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። ከጣሪያ ላይ በ1575.42 ሜጋኸርዝ የቀዳሁትን ምልክት ከየሳተላይቱ መለያ ኮድ ጋር አስተያያለሁ፤ 1023ቱን የኮድ ቦታዎች እያንሸራተትኩ፣ የዶፕለሩንም ለውጥ (ከሳተላይቱ እንቅስቃሴ የሚመጣውን የድግግሞሽ መዛነፍ) በ500 ኸርዝ እርምጃ እየፈለግሁ። የማስተያየቱ ውጤት በ1 ሚሊሰከንድ ሲደመር የ4 ሳተላይቶች ጫፍ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ይታያል። ደካሞቹንም ላውጣ ብዬ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ሳረዝመው ግን በእጄ ከነበሩት ከ4ቱ ሦስቱ እንኳ ጠፉ! በየ20 ሚሊሰከንዱ ሊገለበጥ የሚችለው የመረጃ ቢት ነው እንዳልል፣ የመጀመሪያውን 10 ትቼ ቀጣዩን ብወስድም ያው ነው። የዶፕለሩ እርምጃ ለዚህ ርዝመት ሰፍቶ ይሆን? ወደ 50 ኸርዝ ባወርደው የፍለጋው ሥራ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ አሮጌዋ ኮምፒውተሬ አሁንም እያቃሰተች ነው። በሰፊው ፈልጎ ባገኙት ዙሪያ ማጥበብ ያዋጣል? ደካሞቹስ በምን ይያዛሉ?