ክርክር፦ የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህርነት ውል ከመፈረሙ በፊት ማን ይመርምረው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ አባላችን የመጣለትን የሥራ ጥሪ እዚህ ለጥፎ ነበር። ታይላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር፣ በወር 1,200 ዶላር፣ ቤትና ቲኬት በአሠሪው፣ ልምድም ዲግሪም አያስፈልግም፣ ውሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ተፈርሞ ይላክ የሚል ነው። ከሥሩ የተነሣው ጭቅጭቅ ለሁለት ከፍሎናል። አንዱ ወገን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ሳያልፍ ማንም መምህር መፈረም የለበትም ይላል። ሌላው ደግሞ የትምህርት ቤት ውል ምን እንደሆነ የሚያውቀው መምህሩ ነው፣ ራሱ አጣርቶ ይፈርም ባይ ነው። ዛሬ በዚህ ላይ እንነጋገር። ስድብ አይፈቀድም፤ የትምህርት ቤትና የኤጀንሲ ስምም አንጠራም።

የደሴው መምህር፦
እኔ የመጀመሪያው ወገን ነኝ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማንበብ የምትችሉ አንብቡት። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው ይላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የልደትና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ የመሳሰለውን ነው። ኤጀንሲው ውሉ ሲጣስ ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል፤ ፈቃድ የሚያገኘውም ዋስትና አስይዞ ነው። በስልክ ፈርሞ የሄደ ልጅ ግን ነገሩ ሲበላሽ የሚከሰው ሰው እንኳ የለውም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ሰው አስገድደው በኢንተርኔት ማጭበርበር ከሚያሠሩት የምያንማር ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ የተሰጡትን 260 ሰዎች አትርሱ። ከግማሽ በላዮቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። እነዚያ ካምፖች ሰው የሚሰበስቡት "ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ" እያሉ ነው። ከዚህ በኋላ "ራሴ አጣራለሁ" የሚለው አያሳምነኝም።

ሪያድ ያለሁት መምህርት፦
መምህር፣ ሕጉ ያሉትን ይላል፤ አልከራከርዎትም። ግን ውል የሚያጸድቀው ባለሙያ የሚያየው ደመወዙንና ማኅተሙን ነው። መምህር የሚጎዳበት ቦታ ሌላ ነው።

እዚህ የግል ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። አዳዲስ ልጆች ውላቸውን ሲልኩልኝ መጀመሪያ የማየው የሥራ ሰዓቱን ነው። "በሳምንት 40 ሰዓት" ይላል። ይህ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ? በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምርና 35 የሚያስተምር መምህር ደመወዛቸው እኩል ቢሆንም ሥራቸው አንድ አይደለም። ዝቅ ብሎ "አስተዳደሩ የሚሰጠውን ሌላ ማንኛውንም ሥራ" የሚል መስመር ይኖራል። የቀረ መምህር ክፍል መሸፈን፣ የአውቶቡስ ተረኝነት፣ በዕረፍት ቀን የተማሪ ምዝገባ፣ ሁሉም በዚያች መስመር ይገባል። ከፍተኛው የክፍለ ጊዜ ብዛት በቁጥር ይጻፍልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደህና ትምህርት ቤት ይጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ በሳዑዲ ሕግ ውል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ የሚጸናው ዐረብኛው ነው። እንግሊዝኛው ላይ ያለው የቤት አበል ዐረብኛው ላይ ከሌለ ፍርድ ቤትም ብትሄዱ አታገኙትም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ሰፈራችሁ ያለ ኡስታዝ በአንድ ቁጭታ ያነብላችኋል። ሦስተኛ፣ ቪዛው ላይ የሚጻፈው ሙያ መምህር መሆን አለበት። በሌላ ሙያ አስገብተው ክፍል የሚያቆሙ አሉ፤ ቁጥጥር ሲመጣ የሚያዘው መምህሩ ነው። የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና የሥራ ፈቃድ ክፍያ ከደመወዝ ይቆረጣል የሚል ውልም አትቀበሉ፤ የአገሩ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 ክፍያውን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው።

ይህን ሥራውን የሠራ ሰው ካልሆነ ማንም አያይላችሁም።

አዲስ ተመራቂ፦
የጥሪው ባለቤት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ለእኔ ብላችሁ እንደምትናገሩ ይገባኛል። ግን ሁላችሁም ሥራ አላችሁ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ የግል ትምህርት ቤቶችን በር እያንኳኳሁ ነው ያለሁት። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የደረሰበትን ታውቃላችሁ፤ የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍን ደመወዝ ነው የሚጠሩልኝ። ሚኒስቴር ሂድ፣ ኡስታዝ ፈልግ ስትሉኝ 48 ሰዓቱ ያልቃል። እናንተ ስታጣሩ ዕድሉ ቢያልፈኝ የሚመልስልኝ አለ?

ባንኮክ የቆየሁት፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ትክክል ነው። ጥሪውን ግን መስመር በመስመር ልይልህ።

የታይ ትምህርት ቤት የሚከፍለው በአገሩ ገንዘብ፣ በባት ነው። በዶላር ደመወዝ የሚጽፍ ትምህርት ቤት በቆየሁበት ጊዜ አላየሁም። ዲግሪ አያስፈልግም የሚለው ደግሞ ከአገሩ አሠራር ጋር አይሄድም፤ የመምህራን ምክር ቤቱ ዲግሪ ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ካልሆነ ሰው ላይ ደግሞ የፈተና ውጤት ይጨመራል። ፊሊፒናውያንም ካሜሩናውያንም ይህን አሟልተው ነው የሚያስተምሩት። ለእኛ ዓይነት ፓስፖርት የሚከፈለው ደመወዝም ከ1,200 ዶላር በጣም ያንሳል። ያለ ልምድ፣ ያለ ዲግሪ፣ ያለ ቃለ መጠይቅ ይህን ያህል የሚሰጥህ ሰው ገንዘቡን ከየት አምጥቶ ነው?

አሁን ሁለት ነገር ጠይቃቸው። በምን ቪዛ ነው የምገባው? ትምህርት ቤቱ የት ከተማ ነው? ሕጋዊው መንገድ "ቢ" የሚባለው የሥራ ቪዛ ነው፣ ከዚያ የሥራ ፈቃድ። በቱሪስት ግባ እዚህ እንቀይርልሃለን ካሉህ አትንቀሳቀስ። ባንኮክ ኤርፖርት ሹፌር ይቀበልሃል ካሉህና ጉዞው ወደ ድንበር ከተማዋ ሜ ሶት ከሆነ ደግሞ ካምፖቹ ያሉባት የምያንማሯ ምያዋዲ ከወንዙ ማዶ ናት። ከባንኮክ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተወስደህ ሌሊት ወንዝ ከተሻገርክ በኋላ ውልህን የሚያነብልህ የለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሁሉም በፊት የሚጣራ አንድ ነገር አለ፣ ፓስፖርት። እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን ኮሪያ ሄደው ያስተምራሉ፤ እኔም ሠርቼበታለሁ። የኮሪያ "ኢ-2" የሚባለው የቋንቋ መምህር ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት "ኢ-2 አወጣልሃለሁ" የሚል ደላላ ውሉ ምንም ያህል ቢያምር ውሸቱን ነው። ቻይናም እንግሊዝኛ ለማስተማር በመርሕ ደረጃ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው የምትጠይቀው። ቻይና በተማሪ ወይም በንግድ ቪዛ ገብቶ ማስተማር ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል።

ፓስፖርቱ ያላቸውም ቢሆኑ ይጭበረበራሉ። ኮሪያ ውስጥ አንድ ዓመት የሞላ ሠራተኛ የአንድ ወር ያህል የስንብት ክፍያ ይገባዋል፤ አንዳንድ የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ይህን ላለመክፈል አሥራ አንደኛው ወር ላይ ሰበብ ፈልጎ ያሰናብታል። ሌላው መምህሩን "በራሱ የሚሠራ" ብሎ መዝግቦ ጡረታና የጤና መድን አይከፍልለትም። ጃፓን ውስጥ ኖቫ የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ መምህራን ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ቀርተዋል። ፓስፖርታቸው አላዳናቸውም፣ የአገራቸው መንግሥትም ውላቸውን አላየላቸውም። ስለዚህ እኔ ከሪያዷ እህቴ ጋር ነኝ። ከመፈረማችሁ በፊት አሁን እዚያ የሚያስተምር ሰው አገናኙኝ በሉ፤ እነሱ የመረጡላችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁ ያገኛችሁትን ለቆ የወጣ ሰውም አነጋግሩ።

የኤጀንሲ ሠራተኛ፦
እኔ አዲስ አበባ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ያለውን ልንገራችሁ። ወደ እኛ የሚመጣው ትእዛዝ በብዛት የቤት ሠራተኛ ነው። የመምህር ትእዛዝ ብርቅ ነው። ስለዚህ "በኤጀንሲ ሂድ" ማለት ለመምህር ብዙ ጊዜ "አትሂድ" ማለት ነው። አዋጁ ግን በር አልዘጋም። ከቤት ሠራተኛነት ውጭ በራሱ ጥረት ሥራ ያገኘ ሰው ሚኒስቴሩ ፈቅዶለት በቀጥታ መቀጠር ይችላል። ብዙ መምህር ይህን አያውቅም።

ደግሞ "ቪዛ ሳታዩ አትፈርሙ" የሚል ምክር እየተዘዋወረ ነው፤ ይህ አያስኬድም። በአብዛኛው አገር የሥራ ቪዛ የሚጠየቀው በተፈረመ ውል ወይም በሥራ ጥሪ ደብዳቤ ነው። ዱባይ ከሆነ የሥራ ጥሪው በአገሩ የሠራተኛ ሚኒስቴር በኩል ይወጣል፣ ቁጥር አለው፣ በዚያ ቁጥር ይጣራል። ፊርማ አይደለም ሰው የሚያጠፋው። ሳታጣሩ የምትልኩት ገንዘብ፣ አሳልፋችሁ የምትሰጡት ዋናው የትምህርት ማስረጃና በቪዚት ቪዛ መሳፈር ነው።

የደሴው መምህር፦
እሺ፣ ቀጥታ ቅጥሩን ተቀበልኩ። ግን አንድ ነገር ልበል። ሪያድ ያለሽው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው፣ እናንተ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ። መቄት ወይም ወግዲ ያለ መምህር ለቆ የወጣ መምህር ከየት ያገኛል? "ራስህ አጣራ" የሚለው ዘመድና ኢንተርኔት ላለው ነው የሚሠራው። የሌለው ጉድጓድ ይገባል። መንግሥት የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

ሪያድ ያለሁት መምህርት፦
ይህ እውነት ነው፤ መልስ የለኝም አልልም ግን። የመምህራን ማኅበሩ በየክልሉ ቅርንጫፍ አለው። ውጭ አስተምረው የተመለሱ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ውል ማንበብ ይችላል። አንድ ውል ለማንበብ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የደሴው መምህር፦
ማኅበሩ ያንብበው፣ ደስ ይለኛል። ግን የሚያነብና ዋስትና የሚይዝ አንድ አይደሉም። ልጁ ቢጠፋ ማኅበሩ ማንን ይይዛል? ሚኒስቴሩ ካላወቀ ኤምባሲውም አያውቅም።

ሪያድ ያለሁት መምህርት፦
ኤምባሲውስ ሲያውቅ ሁልጊዜ ይደርሳል፣ መምህር? እኔ እዚህ ነኝ። አንብቦ የሄደ ሰው ኤምባሲ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አንድ ልጨምር። ደህና አሠሪ ያደክማችኋል። ዲግሪያችሁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ በኤምባሲው ተረጋግጦ እንዲመጣ ይጠይቃል። የናሙና ትምህርት በቪዲዮ ያስተምራችኋል። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይፈልጋል። ልጆች ክፍል ውስጥ ሊያስገባችሁ ነውና ስለ እናንተ ካልጠየቀ ተጠራጠሩ።

አዲስ ተመራቂ፦
ሁለቱን ጥያቄ ልኬላቸው ነበር፤ አሁን መለሱ። "ቪዛው ቱሪስት ነው፣ ከደረስክ በኋላ እንቀይራለን፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚገባው" አሉኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ደግሞ ስትደርስ የምትነግርህ ሴት አለች አሉኝ። ቦታ ለመያዝ ደግሞ 300 ዶላር ላክ ብለዋል፤ ቲኬቱ በእኛ ነው ብለው ነበር።

ባንኮክ የቆየሁት፦
አትላክ። ሌላ አትጻፍላቸው። የተጻጻፋችሁትን አታጥፋ፣ ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ።

የኤጀንሲ ሠራተኛ፦
ስክሪንሾቱንና የባንክ ቁጥሩን ይዘህ ለፖሊስ አመልክት፤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም አሳውቅ። እዚህ አገር ያለ ሰው ካለበት የሚያዘው በዚያ ነው።

አዲስ ተመራቂ፦
አልልክም። ግን ጥሪው በወጣበት ግሩፕ ውስጥ ከእኔ ጋር የተመረቁ ሦስት ልጆች አሉ። አንዱ ብሩን ልኮ ቲኬቱ መጥቶለታል፣ እሑድ ሌሊት ነው የሚበረው። ነግሬው "ቀናህ" አለኝ።

ባንኮክ የቆየሁት፦
ስልኩን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ አሁኑኑ እደውልለታለሁ። የወላጆቹንም ቁጥር ካወቅህ ጨምርልኝ።

የደሴው መምህር፦
የየት አገር ልጅ ነው? ወሎ ከሆነ ቤተሰቦቹ ዘንድ ራሴ እሄዳለሁ።