ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ተምታቶብናል

እናት ከደብረ ብርሃን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ጋቢ ደርበን ከሰል ዳር አብረን እናጠናለን። ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ላይ ግን ግራ ገባን። «‹እንደ› ካለበት ተነጻጻሪ ነው» ትለኛለች። ይሄ ብቻ ይበቃል?

ጡረተኛው መምህር፦ እህቴ፣ ልጅሽ ብዙም አልሳተችም። «የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ መርፌ ይወጋል» ስንል ብርዱና መርፌው ጎን ለጎን ቆመዋል። ተነጻጻሪ ነው። «ብርዱ መርፌ ነው» ካልን ግን አንዱ ሌላውን ሆነ። ይሄ ተለዋጭ ነው። «እንደነገርኩሽ አድርጊ» ውስጥም «እንደ» አለ፤ ዘይቤ ግን የለም። ስለዚህ ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ትጠይቅ።

የመንዝ ልጅ፦ እኔ ነፍሴ የምትወደው ኅብረ ቃልን፣ ሁለት ትርጉም የያዘችውን ቃል ነው። «ተናዶ የመጣው እንግዳ ደብረ ብርሃን አድሮ በረደ።» ሰሙ ብርዱ፣ ወርቁ የንዴቱ መብረድ። አንዲት «በረደ» ሁለቱንም ተሸከመች!

እናት ከደብረ ብርሃን፦ ተባረኩ፣ ገባን። አሁን ደግሞ «ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው» ብላ ጻፈች። ይሄስ ምን ይባላል?

ጡረተኛው መምህር፦ ለጉሙ አፍና ጉሮሮ ሰጠችው እኮ! ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ ስንሰጥ ሰውኛ ይባላል፤ እንዲያ ብትለው እኔ ሙሉ ማርክ እሰጣታለሁ።